እስከ ኮምቦልቻ የያዝሁት ብልቃጥ

የደሴን መንገድ ላላያችሁት፣ ምናልባትም ለማታዩት ለወረኢሉ ዘመዶቼ ይህን ጻፍሁ። ከተመለስሁ ጀምሮ «ደሴ ሄደህ ምን አየህ?» ስትሉኝ ስለ ማኪናውና ጣልያን ስለ ሠራው መንገድ እያወራሁ ሸኝቻችኋለሁ። ዋናውን ነገር ግን አልነገርኋችሁም፤ አፌ አልደፈረም። እጄ ዕድሜውን ሙሉ ብራና ላይ ሲጽፍ የኖረ ስለሆነ ከአፌ ይልቅ ደፋር ነው። ስለዚህ በእጄ ልንገራችሁ።

የሄድሁት ከታላቅ እኅቴ ከእትዬ ጥሩነሽ ጋር ነው። እናታችን ስትሞት እኔ የወተት ጥርሴ ገና አልወለቀም ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በዚያ በክፉው ዓመት አንድ ቂጣ በተገኘ ቁጥር ለሁለት ትቆርስና ሁለቱንም ለእኔ ትሰጠኝ ነበር። «አንቺስ?» ስላት «በልቻለሁ» ትለኛለች። ስትለኝ ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፤ ዓይኔንም አትሸሽም። እኔም አምኜ እበላለሁ። ሐሰት መሆኑን ያወቅሁት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው።

ባለፈው ክረምት ይቺው እኅቴ በቀኝ ጡቷ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል እብጠት አገኘች። ስላላመማት ለማንም አልተናገረችም። እኔ የሰማሁት አብራት ውኃ የምትወርድ ጎረቤታችን ነግራኝ ነው፤ ያን ጊዜ እብጠቱ እንቁላል አክሎ ቆዳውን ወደ ውስጥ ስቦት ነበር። የሚያም ነገር ቢሆን ኖሮ አንድ ሳምንት ዝም አንልም ነበር፤ አለማመሙ አዘናጋን። የአገራችን መድኃኒት አዋቂ አየና እጁን ሰበሰበ። «ይኼን እኔ አልነካውም፤ ከነካሁት ይቆጣል» አለኝ። ስሙን አልጠራም። ነቀርሳን በስሙ የሚጠራ ሰው በእኛ ዘንድ እንደሌለ ታውቃላችሁ፤ ከጠሩት ቤት ይገባል ብለን እንፈራለን። እኔ ግን ስሙን የሰማሁ ያህል ገባኝ።

በጥቅምት ወር አንድ ማክሰኞ ማለዳ ወደ ደሴው ሐኪም ቤት ተነሣን። በቅሎዋን ያዋሱን የደብራችን አለቃ ናቸው። እኔ በእግሬ፣ እትዬ በበቅሎ። ስንቃችን በሶ፣ ዳቦና ቆሎ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዳዊቴን፣ የቀለም ቀንዴንና መቃዬን ያዝሁ። «ልታሳክመኝ ነው ወይስ ልትጽፍ?» ብላ አሾፈችብኝ። ቀለሜ ከእኔ ሲለይ ልቤ እንደማይረጋ እሷም ታውቃለች። ያን ቀን እስከ ካቤ ሄድን። መንገዱን ሙሉ በሰላሳ እርምጃ አንድ ጊዜ «አመመሽ?» እያልሁ ስጠይቃት ከቆየሁ በኋላ በቅሎዋን አቆመችና «ወንድምዓለም፣ እኔን የሚያመኝ ያንተ ጥያቄ ነው» አለችኝ።

ካቤ ላይ አንዲት ባልቴት አሳደሩን። ባቄላ ንፍሮ ሰጡን። የእነሱ ባቄላ ከእኛ ባቄላ ያንሳል፤ ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ ግን በትልቅ ገበታ ነው የሚያቀርቡት። እትዬ ትንሽ ቀምሳ የቀረውን ወደ እኔ ገፋችው። «ብዪ እንጂ» ብላት «በልቻለሁ» አለች። አንገቴን ደፍቼ በላሁ፤ እንደ ልጅነቴ ማለት ነው።

ረቡዕ ጉጉፍቱ ወጣን። ብርዱን እንዴት ልንገራችሁ! እኛ ወረኢሉ ቀዝቃዛ ነው እያልን እናማርራለን፤ ጉጉፍቱ ያደረ ሰው ወረኢሉን ቆላ ይላታል። ከመድረሳችን በፊት መንገድ ላይ የጣልያን ኬላ አለ። በዚያ ወቅት ከጫካ የሚወርዱ አርበኞች ስላሉ መንገደኛ ሁሉ ይፈተሻል። ለጣልያን ያደረ አንድ አስካሪ ወታደር ከረጢቴን ዘረገፈና የቀለም ቀንዱን አንሥቶ «ምንድን ነው?» አለኝ። «ቀለም ነው፣ ጌታዬ» አልሁት። አላመነኝም፤ ገለበጠው። ቀለሙ በነጭ ነጠላዬ ላይ ከአንገቴ እስከ ጉልበቴ ወረደ። እኔ በፍርሃት ደርቄ ስቆም ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። እትዬ በበቅሎዋ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። አስካሪውም አያትና ሳቀ፤ አሳለፈንም። ከክረምት ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እስከ ደሴ ድረስ እንደ ዝጉርጉር አህያ ሆኜ ነው የገባሁት።

ጉጉፍቱ ያሳደረን ገበሬ ከበጎቹ ጋር በአንድ ቤት አስተኛን። ለእትዬ የራሱን የበግ ጸጉር ባና ገፎ አለበሳት፤ እሱና ሚስቱ በአንድ ቁርበት ላይ ተኮራምተው አደሩ። ስሙን ስጠይቀው «ስሜ ምን ያደርግልሃል፣ ስትመለሱ በሩን ታውቁት የለ» አለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጦሳ ተራራ ታየን። ደሴ ከሥሩ ተኝታለች። ቤቷ ብዛቱ፣ ቆርቆሮዋ ማብረቅረቁ፣ ማኪናዋ መጮኹ! የወረኢሉ ገበያ በዓመት የሚጮኸውን ደሴ በአንድ ጠዋት ትጮኸዋለች። በቅሎዋ ማኪና አይታ ስለማታውቅ አራዳ መሐል ላይ ቆማ እምቢ አለች። መንገድ ዘጋን፤ ሁሉም ይሰድበን ጀመር። እኔ በልጓም፣ አንድ የማላውቀው ሸማኔ ከኋላዋ ሆነን እየጎተትንና እየገፋን አሳለፍናት።

ያረፍነው እመት ዘሃራ ቤት ነው። እመት ዘሃራ የባና ነጋዴ ናቸው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ወረኢሉ ገበያ ሲመጡ ሁልጊዜ እትዬ ቤት ያድሩ ነበር። ገና ከበር «አብሽሪ እኅቴ፣ አብሽሪ! አፊያሽን አላህ ይመልስልሽ» እያሉ አቀፏት። ማታውን ዶሮ እንዲታረድ ፈለጉ፤ በእስላም እጅ ቢታረድ እኛ ስለማንበላ ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ጠርተው አሳረዱ፣ በጎረቤትየው ሚስት ድስትም አሠሩት። ለራሳቸው ምስር በሉ። ወጉ በእኛም ዘንድ ያለ ነው፤ እንዲህ ሲፈጽሙት ግን አላየሁም።

አንድ ነገር ግን ከዶሮው ይበልጥ ትዝ ይለኛል። እትዬ የጠጣችበትን ዋንጫ ለብቻ ልታስቀምጥ ስትል እመት ዘሃራ ተቀበሏት። «ይኼ ሕመም እንዳይዝዎት ነው፣ እመቴ» አለች። እመት ዘሃራ የቀረውን ውኃ በዚያው ዋንጫ ጠጡት። እኔ ወንድሟ ከክረምት ጀምሮ ዋንጫዬን ለይቼ ኖሬአለሁ። አፈርሁ። በኋላ ሐኪሙ ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ነገረን፤ እመት ዘሃራ ግን ይህን ሳያውቁ ነው የጠጡት።

አርብ ሐኪም ቤት ሄድን። ጣልያን የከፈተው ነው፤ ለአገሬው ሰው የተለየ ክፍል አለው። ወረፋ ስንጠብቅ ከጎናችን የደላንታ ገበሬ ተቀምጦ ነበር። እግሩ ላይ ብዙ ዘመን ያልዳነ ቁስል ነበረበት፤ አሁን ጠርዙ እንደ አበባ ጎመን ተነሥቷል። ከእሱ ቀጥላ አንዲት ሴት፤ የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት አልፈው ሳለ ደም መፍሰስ ጀምሯታል። የሌላው ሽማግሌ ቁስል ከንፈሩ ላይ ነው። ሁሉም የተለያየ በሽታ የታመሙ መስለውኝ ነበር። አስተርጓሚው ግን «ሁሉም አንድ ዘር ነው፤ በጡትም፣ በማሕፀንም፣ በቆዳም፣ በሆድም ይበቅላል» አለኝ። አስተርጓሚው ዮሐንስ ይባላል፤ የሐማሴን ሰው ነው፣ ቁስልም ያጥባል። ፊቱ ቁጡ ነው፤ እጁ ግን ለስላሳ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ጣልያን ነው። እትዬ ልብሷን ማውለቅ ሲኖርባት እኔን «ወደ ግድግዳው ዙር» አለችኝ። ዞርሁ። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ነበር፤ ያችን ስንጥቅ ዛሬም ድረስ መሣል እችላለሁ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ወስዶ ዳሰሳት፤ ብብቷንም ዳሰሰ። ከዚያ ዮሐንስ «እብጠቱ ከነጡቱ መውጣት አለበት። የሚጠጣ መድኃኒት የለውም። በጊዜ ሲመጣ ቢላዋ ያድናል። ሰኞ እንቆርጣለን» ብሎ ተረጎመ።

እትዬ ልብሷን ለበሰች። ዮሐንስ ሌላ በሽተኛ ሊጠራ ሲወጣ ጠብቃ እኔን አየች።

«ተቆርጦ የት ይጣላል?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«ሥጋዬ ነው። ተጠምቄበታለሁ። ውሻ እንዲጎትተው አልፈቅድም። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እቀብራለሁ ብለህ ማልልኝ፤ ያለዚያ ተነሥና እንሂድ።»

«እቀብራለሁ» አልሁ። ዳዊቴን አስይዛ አስማለችኝ። እናንተም ብትሆኑ ይህን ታደርጉ ነበር፤ በእኛ አገር የተቆረጠ ጥፍር እንኳ የትም አይጣልም። ስትስማማ ያየው ሐኪም ደስ ብሎት እጇን ጨበጣት። ምን ብላ እንደተስማማች ማንም አልተረጎመለትም።

ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንዳለፉ አልጽፍም። እሑድ መድኃኔዓለም አስቀደስሁ፤ ዜማው የእኛው ነው፣ ከበሮው ግን ይፈጥናል። አንዷን ሰላም ለኪ ሦስት ጊዜ ተሳሳትሁ፤ አጠገቤ የቆሙት ሊቅ ገላመጡኝ።

ሰኞ ጠዋት አስገቧት። ደጅ ሆኜ መዝሙር ከአንድ ጀምሬ ደገምሁ፤ ሃምሳ ላይ ስደርስ ዮሐንስ ወጥቶ «አልቋል፣ ትተነፍሳለች» አለኝ። ስገባ አንዳች የሚሸት ነገር ክፍሉን ሞልቶት ነበር፤ ማስተኛውን በአፍንጫዋ ነው የሰጧት። ደረቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ዓይኗን ሳትገልጥ «አደራ» አለች።

ማክሰኞ፣ ልክ ከቤት በወጣን በሳምንቱ፣ ዮሐንስ ጠራኝ። እጁ ላይ ክዳኑ በሰም የታሸገ ሰፊ ብልቃጥ አለ። ውስጡ ሽታው ዓይን በሚያስነባ ውኃ ተሞልቷል፤ በውኃው መካከል ከእትዬ የተቆረጠው አለ።

«መሪጌታ፣ እርስዎ ማንበብና መጻፍ ያውቃሉ። ባለፈው የላክነው በማኪና ላይ ተሰበረ። አንድ ሾፌር ዛሬ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ አብረውት ይሂዱና አውሮፕላን ከሚያርፍበት ሜዳ ላለው ጸሐፊ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእጁ ይስጡልኝ። ነገ ወደ አስመራ ይበራል።»

«ለምን?»

«እዚያ ያሉት ሐኪሞች ማየት ይፈልጋሉ።» ከውስጥ ጮኸው ጠሩት፤ ሄደ። ለምን እንደሚያዩት አልነገረኝም፤ እኔም ተከትዬ አልጠየቅሁም። ይህች አንዲት አለመጠየቅ ናት ዛሬ ድረስ የምትበላኝ።

በማኪና ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ሾፌሩ የመናዊ ዐረብ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ እየዘፈነ ነው። እኔ ብልቃጡን በሁለት እጄ አቅፌ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ በመስኮት አስታወክሁ። ዐረቡ ማኪናውን አቁሞ ከኪሱ ሎሚ አወጣና አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝ። ስለ ብልቃጡ ሳይጠይቀኝ ባርኔጣውን አውልቆ ከሥሩ አነጠፈልኝ፤ እንዳይነቃነቅ ነው። ኮምቦልቻ ስንደርስ ጥቅምት መሆኑን ረሳሁ። ደሴ ላይ ጋቢ ተከናንቤ ወጥቼ ቦርከና ወንዝ ዳር በላብ ተጠመቅሁ። ከእኛ ቤት እስከ ወንዛችን በሚያህል ጊዜ ውስጥ አንድ ሰው ከክረምት ወደ በጋ ይወርዳል ብላችሁ ማን ያምናል?

የሜዳው ጸሐፊ ለምሳ ወጥቷል አሉኝ። ጠበቅሁት፣ አልመጣም። ወደ ማታ ገደማ እመት ዘሃራ ወደ ነገሩኝ ወደ ወንድማቸው ወደ ሼህ ይመር ቤት ሄድሁ። ሼህ ይመር አጭር፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ የሎሚና የበርበሬ አትክልተኛ ናቸው። «አሰላሙ አለይኩም፣ እንግዳችን፣ ጀባ፣ ጀባ» ብለው የማሽላ እንጀራ በወተት አቀረቡልኝ። ብልቃጡን ከጭኔ አላወረድሁም። «ምን ይዘው ነው እንዲህ የታቀፉት?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ስነግራቸው አለቀስሁ።

«ወላሂ፣ በእኛም ይቀበራል» አሉ ሼህ ይመር። «የሰው ሥጋ በአፈር ነው የሚያምርበት። በሰማይ ላይ እየበረረ የት ሊሄድ ነው?»

አያችሁ፣ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ሰው ነበርን። በዚያች ሰዓት ያሰብሁትን በግልጽ ልጻፍ፦ በሽታው በቢላዋ ወጥቷል፣ እትዬ ድናለች፣ አስመራ ያሉት ፈረንጆች የሚፈልጉት ለማየት ብቻ ነው አልሁ። የባዕድ ሰው ጉጉት ከእኅቴ አደራ አይበልጥብኝም አልሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ብልቃጡን ከራስጌዬ አስቀምጬ ነጋ።

ረቡዕ ገና ጎህ ሲቀድ ሼህ ይመር መቆፈሪያቸውን ተሸክመው፣ አንድ ክንድ ነጭ አቡጀዲ ከቤታቸው ይዘው ተከተሉኝ። ከኮምቦልቻው ቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ የወይራ ዛፍ አለ። እሳቸው ቆፈሩ፤ የሰም ክዳኑን እኔ ነቀልሁ። ሽታው አስለቀሰን። በአቡጀዲው ጠቅልዬ አስገባሁት። ካህን ስላልሆንሁ ፍትሐት አልደርስም፤ አንድ መዝሙር ደገምሁ። ሼህ ይመር ከአጥሩ ውጪ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። አፈሩን መለስንበት። የሐኪሙን ደብዳቤም ቀዳድጄ ጣልሁት። በዚያች ጠዋት ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለለኝ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም ማለት እችላለሁ።

አውሮፕላኑ ስንመለስ በላያችን በረረ። ዐረቡ ሾፌር ወደ ላይ እያየ ፉጨት አፏጨ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ደሴ ስደርስ ዮሐንስ በር ላይ ነበር።

«አደረሱ?»

«አድርሻለሁ» አልሁት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከማን እንደተማርሁት አሁን ይገባኛል።

እትዬ በዚያው ሳምንት ትኩሳት ያዛት፤ ቁስሏ መግል ቋጠረ። እመት ዘሃራ ጠዋትና ማታ አጃ እያመጡ በማንኪያ ያጎርሷት ነበር። የደላንታው ገበሬ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ፤ በክራንች መቆም ሲለማመድ ወድቆ ሲስቅ አየሁት። ደም የሚፈስሳትን ሴት «ለአንቺ የሚበጀው ጨረር ነው፤ እሱ እዚህ የለም» ብለው መለሷት። ጨረር ምን እንደሆነ ዮሐንስን ስጠይቀው ዓይን የማያየው፣ ሳይቆርጥ ውስጥ ያለውን የሚያቃጥል ብርሃን ነው አለኝ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ ማን ጋ እንደምትሄድ ማንም አልጠየቃትም።

ጡቷ በተቆረጠ በሁለተኛው ሐሙስ ሐኪሙ አስጠራኝ። ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ እንጨቱን በእርሳስ ይመታል። ዮሐንስ እንዲህ ብሎ ተረጎመልኝ፦ «ከአስመራ መልስ አልመጣም። ያለ መልሱ የሚቀጥለውን መወሰን አንችልም።»

«ቆርጣችሁ ጨርሳችሁ የለም እንዴ?»

ሐኪሙ ብዙ ተናገረ። ዮሐንስ እስኪጨርስ ጠበቀና፣ ከዚያ በራሱ አነጋገር ነገረኝ፤ እሱም የገበሬ ልጅ ነው። «መሪጌታ፣ እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ በእርሻ ላይ እንዳለ ድንጋይ ነው፤ ካነሡት አለቀ። ነቀርሳ ግን እንደ ሰርዶ ነው። ላዩን ነቅለው የጣሉት ይመስልዎታል፣ ሥሩ በአፈር ውስጥ ሄዶ በሌላ ቦታ ይወጣል። ከጡት ተነሥቶ ብብት ይገባል፣ ከዚያ ሳንባ፣ አጥንት። በዓይን አይለይም። አስመራ ያሉት በማጉያ መነፅር አይተው ድንጋይ ነው ወይስ ሰርዶ ነው ይሉናል። ድንጋይ ከሆነ አንነካትም፤ ቤቷ ትገባለች። ሰርዶ ከሆነ ሳንዘገይ ብብቷን እንደገና ከፍተን እናወጣለን፣ ካስፈለገም ለጨረር አስመራ እንልካታለን። ቀኑ እያለፈ ነው።»

«ብልቃጡ አልሄደም» አልሁ። «ቀብሬዋለሁ። ኮምቦልቻ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር። ስምንት ቀን ሆነው።»

ዮሐንስ አልተረጎመም። አፍጥጦ አየኝ። ሐኪሙ «ምን አለ?» ማለቱ በፊቱ ይታወቃል። በመጨረሻ ተረጎመለት። እንዲመታኝ ጠብቄ ነበር። ሐኪሙ እርሳሱን አስቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቆይቶ የተናገረውን ዮሐንስ በዝግታ ነገረኝ፦ «‹ስምንት ቀን አፈር ውስጥ ከቆየ በኋላ ምንም አይነበብም። ግማሹን እዚህ ማስቀረት ነበረብኝ፤ ለምን እንደምፈልገውም ልነግርህ ይገባ ነበር› ይላል።»

«እንደዚያው እንደገና ይቁረጣት» አልሁ ከወንበሩ ወርጄ። «ይክፈታት፤ ሰርዶ እንደሆነ አድርገው ይያዟት!»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ትኩሳቷ ገና አልወረደም፤ ደሟ አልቋል። ሰርዶ መሆኑ ሳይታወቅ በዚህ አቅሟ ሁለተኛ ቢላዋ ቢያሳርፍባት ቢላዋው ራሱ ይገድላታል አለ። የቀረው መጠበቅ ነው። በየሳምንቱ ብብቷን፣ ከአንገቷ ሥር ካለው አጥንት በላይና በታች፣ ቁስሉ የዳነበትን መስመር በጣቷ ትዳስስ። አንዲት አተር የምታህል እብጠት ካገኘች፣ ባያማትም፣ በዚያው ቀን ተነሡ። «‹ሕመም እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ይህ በሽታ በመጀመሪያ አያምም› ይላል» አለኝ ዮሐንስ። «ዓመታት ካለፉ ግን ተስፋ አለ።»

ለእትዬ ራሴ ነገርኋት። ከአልጋዋ አጠገብ ተንበርክኬ ከብልቃጡ እስከ ወይራው፣ ከ«አድርሻለሁ» እስከ ሰርዶው አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። ስጨርስ ጣሪያውን እያየች ጠየቀችኝ።

«ወይራ ሥር ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«የሼሁ ሰው ቆፈረልህ?»

«ራሳቸው ሼሁ ናቸው፣ እትዬ።»

«አደራዬን ጠብቀሃል» አለች። «የቀረው የእግዜር ነው። አሁን ከፊቴ ላይ አታልቅስብኝ፤ እንባህ ፋሻዬን አራሰው።» እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች። ያ እጅ ከወረኢሉ ስንወጣ ከነበረው በግማሽ ከስቶ ነበር።

በኅዳር መጨረሻ ላይ ተመለስን። እመት ዘሃራ ባና አለበሷት፤ ሼህ ይመር በዐረቡ ሾፌር እጅ አንድ ቁና ሎሚ ላኩልኝ። ጉጉፍቱ ላይ የዚያን ገበሬ በር አወቅነው፤ እሱም እኛን አወቀን። እትዬን ቀና ብሎ ሲያያት ለማልቀስ ደርሶ ነበር፤ ከስታለችና። ኬላው ላይ ያ አስካሪ የለም፤ ሌላ ነው። ቀለሜን ግን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰወርሁት። ወረኢሉ ስንገባ አገሩ ሁሉ «እንኳን ዳነች!» እያለ ወጣ፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ። ያላልኋችሁ ይኸው ነው።

ከተመለስን ስምንት ወር ሆነን። እሷ ለሌላ ሴት አታስነካም፤ እኔ ወንድሟ ደግሞ መዳሰስ አልችልም። ስለዚህ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ደጃፏ ላይ እቆምና «እትዬ?» እላታለሁ። «የለም» ትለኛለች። ያን ቀን እንጀራ ይወርድልኛል፤ ከሐሙስ በኋላ ግን እንደገና እሑድን መፍራት እጀምራለሁ። ከደሴ ከመጣሁ ቀን ጀምሮ አንድ ገጽ ሳልሳሳት የጻፍሁበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ባለፈው እሑድ ገና ደጃፏ ሳልደርስ፣ ሳልጠይቃት፣ «የለም» አለችኝ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ዓይኔንም አልሸሸችም። ቆሜ አየኋት። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። በክፉው ዓመት ሁለቱንም ቁራሽ እየሰጠችኝ «በልቻለሁ» ትለኝ የነበረው ድምፅ ነው።

ዛሬ የአለቃን በቅሎ ተውሼ አመጣሁ። ለደሴ መንገድ ጭኛታለሁ፤ እትዬ ደጃፍ ላይ አስሬያታለሁ። እሷ ውስጥ ናት፤ ገና አላየቻትም።